የአዳማን ፀሐይ በጫማ ቀለም ቆርቆሮ መመዘን፦ ብርሃን ምን ያህል ያሞቃል? ምን ያህልስ ይገፋል?

ሊስትሮዎች ጨርሰው የሚጥሉትን ትልቁን የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ለምናችሁ ውሰዱ። ሁለት ብታገኙ ይሻላል። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም፣ ዝገት ያልበላው፣ ያልተጨራመተ ይሁን። የቀረውን ቀለም በሙቅ ውሃና በኦሞ አጥባችሁ አድርቁት።

ከዚህ በታች የጻፍኩት አዳማ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ከተማሪዎቼ ጋር ደጋግመን የሠራነውን ነው። ብርሃን አንድ ዕቃ ላይ ሲያርፍ ኢነርጂ ይሰጠዋል፤ በቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ የነካ ሁሉ ይህን ያውቃል። ብርሃን ሞመንተምም ይሰጣል፤ ማለትም ይገፋል። ይህን ግን ቆዳችን አይነግረንም። የመጀመሪያውን በእጃችን እንለካለን፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ላይ ተነስተን በስሌት እናወጣለን። ግፊቱን ለምን በቀጥታ እንደማንለካው በኋላ እመጣበታለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ከቆርቆሮው ሌላ፦ ሻማ ወይም ኩራዝ፣ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ ቀጭን ሚስማር፣ ሲሊኮን፣ ማስቲካ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ ታሽጎ የሚመጣበት ወፍራም ነጭ ፎም፣ የወጥ ቤት ፎይል፣ ሰዓት ያለው ስልክ፣ ማስመሪያ።

ቴርሞሜትሩ ላይ ልጠንቀቅ። ለትኩሳት መለኪያ የምንጠቀምበት አይሆንም፤ እሱ የሚያነበው የሰው ሰውነት ሙቀት አካባቢ ያለውን ብቻ ነው። የምንፈልገው ጫፉ በሽቦ የሚወጣ፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው። አንድ አሥረኛ ዲግሪ የሚያሳይ ይሁን። ሙሉ ዲግሪ ብቻ የሚያሳየው ሥራችሁን ያበላሻል፤ የምንጠብቀው ጭማሪ ራሱ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ነውና።

ቆርቆሮውን ማዘጋጀት

የቆርቆሮውን ታችኛ ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋችሁ ቀለሙን አንሱለት። ፀሐይ የሚያየው ይህ ፊት ነው። ቀጥሎ ከሻማው ነበልባል ጫፍ በላይ ያዙትና ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱት፤ አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት። ጥላሸቱ መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ ይያዛል፤ ከዚያ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም እንደ ከፋይ ጨርቅ ደብዛዛ ጥቁር ይሆናል። በአግድም ስታዩት የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ ገና ነው። በደንብ የተያዘ የሻማ ጥላሸት ከሚያርፍበት ብርሃን 95 በመቶ ያህሉን ይውጣል። ከዚህ በኋላ በጣት አይነካም፤ አንድ የጣት አሻራ ብቻ ፊቱን ይገልጠዋል። ከተነካ እንደገና ሻማ ላይ መያዝ ነው።

ጎኑ ላይ በሚስማር ሁለት ቀዳዳ አውጡ፤ አንዱ ለውሃውና ለቴርሞሜትሩ፣ ሌላው አየር የሚወጣበት። ክዳኑን ግጠሙና ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈኑት፤ አንድ ሌሊት ይደር። ሲደርቅ ባዶውን ቆርቆሮ ሚዛን ላይ አስመዝኑት። ወርቅ ቤቶች የሚመዝኑበት ትንሹ ሚዛን ለዚህ ይበቃል፤ ሰላም ብሎ ለጠየቀ ይመዝኑለታል።

ውሃውን በስሪንጅ ሙሉ፤ ስንት ሚሊ ሊትር እንደገባ ቁጠሩ። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ስለሆነ ሚዛን አያስፈልገውም። ጥቂት የአየር ቦታ ተዉ፤ ስትነቀንቁት ውሃው እንዲደባለቅ ያግዛል። የቴርሞሜትሩን ጫፍ አስገቡና ሁለቱንም ቀዳዳ በታኘከ ማስቲካ ድፈኑ። ፎሙን በቆርቆሮው ልክ ፈልፍላችሁ ጥቁሩ ፊት ብቻ እንዲታይ አድርጋችሁ ቅበሩት።

ፎሙን አትናቁት። መጀመሪያ የሞከርነው ያለ ፎም፣ ሜዳ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የአዳማ ንፋስ ከቆርቆሮው ጎን ሙቀቱን እየጠረገ ወሰደው፤ የተገኘው ቁጥር ከሚጠበቀው ግማሽ እንኳ አልሞላም። ተማሪዎቹ ፀሐይዋ የደከመች መስሏቸው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ፎሙን ጨምረን በሦስት በኩል የካርቶን ግድግዳ አቆምንለት፤ ቁጥሩ ተስተካከለ። ካርቶኑ ጥላ እንዳይጥል እንጂ ንፋሱን ቢከልል ችግር የለውም።

ውሃው ከየት ይምጣ? እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ ተጠቀሙ። የሸክላ ውሃ ከአየሩ ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ እኛም የምንፈልገው ይህንን ነው። ሥራው ሲጀመር ከአየሩ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ቀዝቅዞ ሲያልቅ ከአየሩ በትንሹ ቢሞቅ፣ ከአየሩ የሚገባውና ወደ አየሩ የሚወጣው ሙቀት ይቀራረባል።

መለካት

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ምረጡ። አዳማ ላይ ፀሐይ ሰማይ ላይ ከፍ የምትለው ልክ በ6 ሰዓት አይደለም፤ እንደ ወሩ ከ6:05 እስከ 6:40 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከእኛ በስተ ምሥራቅ ባለ የኬንትሮስ መስመር ስለሚቆጠር ፀሐይዋ ትዘገያለች። ቀጥ ያለ እንጨት ተክላችሁ ጥላው የሚያጥርበትን ደቂቃ ብትመዘግቡ ራሳችሁ ታረጋግጣላችሁ።

ፀሐይዋን በዓይን አትመልከቱ። ቆርቆሮውን ለማነጣጠር መመልከት አያስፈልግም፤ ፎሙ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ስንጥር በማዕዘን መለኪያ አይታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ከዚያ ፎሙን እያጋደላችሁ የስንጥሩ ጥላ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ አስተካክሉት። ጥላው ሲጠፋ ብርሃኑ ጥቁሩ ፊት ላይ በቀጥታ እየወረደ ነው። በታኅሣሥ ይህን ካልሠራችሁ ብዙ ታጣላችሁ፤ ያኔ በቀትር እንኳ ፀሐይዋ ከአድማስ 58 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያ ግን አናት ላይ ስለምትቆም ቆርቆሮውን መሬት ላይ ማጋደም ይበቃል።

አሁን ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ትለካላችሁ፦

1. አንድ ሰው ከ1 ሜትር በላይ ራቅ ብሎ በካርቶን ጥላ ይጣልበት። ነቅንቃችሁ አንብቡ፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ ነቅንቃችሁ አንብቡ። ቆርቆሮውን ቤት ውስጥ አታስገቡት፤ አየሩና ንፋሱ ያው መሆን አለበት።

2. ካርቶኑን አንሱ። 5 ደቂቃ ፀሐይ ይምታው። በየደቂቃው ነቅንቁት፤ ውሃው ከላይ ብቻ ሞቆ እንዳይቀር። የስንጥሩ ጥላ ብቅ ካለ መልሳችሁ አጥፉት።

3. እንደገና ጥላ ጣሉበት፤ 5 ደቂቃ።

ሦስተኛውን ብዙዎች ለመዝለል ይፈልጋሉ። አትዝለሉት። ፀሐይ እየመታው ሳለ ቆርቆሮው ወደ አየሩ ሙቀት እያፈሰሰ ነው፤ ያንን የምናውቀው ከጥላው ብቻ ነው። ዘዴው የፈረንሳዊው ክሎድ ፑዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ውሃ በተሞላ ጥቁር ቆርቆሮና በቴርሞሜትር ፀሐይ ከከባቢ አየር ውጭ በካሬ ሜትር የምትሰጠውን ገመተ፤ ግምቱ በዛሬው መለኪያ 1228 ዋት ይሆናል። ዛሬ በሳተላይት የሚታወቀው 1361 ዋት ነው። በአሥር በመቶ ብቻ ነው የራቀው፤ የሠራበት መሣሪያም እናንተ ከያዛችሁት ብዙ አይለይም።

ስሌቱ

አንድ ምሳሌ ልሥራላችሁ፤ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ተኩ። ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር 8 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ስፋቱ 50.3 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 0.00503 ካሬ ሜትር ይሆናል። ውሃው 80 ግራም፣ ቆርቆሮው 20 ግራም። አንድ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ 4.2 ጁል ይፈልጋል፤ ብረት 0.45 ብቻ። ስለዚህ 80 በ4.2 ሲባዛ 336፤ 20 በ0.45 ሲባዛ 9፤ ድምሩ ለአንድ ዲግሪ 345 ጁል ነው።

በመጀመሪያው ጥላ ውሃው 0.1 ዲግሪ ሞቀ፤ በፀሐይ 3.6 ጨመረ፤ በሁለተኛው ጥላ 0.5 ቀነሰ። የሁለቱ ጥላ አማካይ 0.2 መቀነስ ነው። ያንን ለፀሐዩ እንመልስለታለን፦ 3.8 ዲግሪ። 345 በ3.8 ሲባዛ 1311 ጁል። በ300 ሰከንድ ስናካፍለው 4.37 ዋት፤ በስፋቱ ስናካፍለው በካሬ ሜትር 870 ዋት ገደማ። ጥላሸቱ ያልዋጠውን አምስት በመቶ ብንጨምርበት ከ900 ያልፋል።

የጠራ ቀን ቀትር ላይ 1000 አካባቢ የተለመደ ነው። ከ500 በታች ከመጣባችሁ ንፋሱን፣ አነጣጠሩንና መነቅነቁን መርምሩ። ከ1100 በላይ ከሆነ ደግሞ ዙሪያችሁን እዩ፤ አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ ወይም ነጭ ግድግዳ ተጨማሪ ብርሃን እየላከባችሁ ይሆናል። ከፀሐይዋ አጠገብ ያለ ነጭ ደመናም እንዲሁ ያደርጋል።

ከኢነርጂ ወደ ግፊት

ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1873 እንዳሳየው፣ ብርሃን የሚሸከመው ሞመንተም ኢነርጂው በብርሃን ፍጥነት ተካፍሎ የሚገኘው ነው። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 300,000,000 ሜትር ያህል ነው። ቆርቆሯችን በየሰከንዱ 4.37 ጁል ዋጠ፤ ለ300,000,000 ስናካፍለው 0.000000015 ኒውተን ጉልበት ይወጣል።

ይህ ቁጥር ብቻውን ለተማሪ ምንም አይነግርም፤ ስለዚህ በጤፍ እንመንዝረው። 1000 የጤፍ ፍሬ ወደ 0.3 ግራም ይመዝናል፤ አንዷ ፍሬ 0.3 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ብርሃኑ ቆርቆሮው ላይ ያሳረፈው ጉልበት የአንዲት ጤፍ ክብደት 200ኛ ገደማ ነው። አንዲት ጤፍ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡና እዩአት። መኖሯን በዓይናችሁ ካልሆነ አታውቁም። ያንን ለሁለት መቶ ከፍላችሁ አንዷን ስባሪ አስቡ።

አሁን ሁለተኛውን ቆርቆሮ አምጡ። በጥላሸት ፈንታ ፊቱን በፎይል፣ በሚያብረቀርቀው ወገን ሸፍኑትና ያንኑ ልኬት ድገሙ። ውሃው እምብዛም አይሞቅም። እዚህ ላይ ክፍሉን ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ብርሃን ይበልጥ የገፋው የትኛውን ነው? እጅ የሚወጣው ለጥቁሩ ነው፤ የሞቀው እሱ ነዋ። መልሱ ግን የሚያብረቀርቀው ነው። ጥቁሩ ብርሃኑን አስቁሞ ሞመንተሙን ተቀበለ። ፎይሉ ደግሞ አስቁሞ፣ በመጣበት አቅጣጫ መልሶ ወረወረው፤ ስለዚህ እጥፍ ገደማ ተገፋ። ሙቀቱና ግፊቱ በአንድ ብርሃን ይመጣሉ እንጂ አንድ ሂሳብ አይደሉም። ለእኔ የዚህ ሥራ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ለዚህ ስል ነው ሁለት ቆርቆሮ ያስፈለገኝ።

ላላመነ ተማሪ በኳስ አሳዩት። ባዶ ካርቶን በሁለት ገመድ ከበር ጉበን ላይ አንጠልጥሉ። የምትነጥር ትንሽ የላስቲክ ኳስ በክር አስራችሁ ከአንድ ከፍታ ለቃችሁ ካርቶኑን አስመቱ፤ ምን ያህል እንደተወዛወዘ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ለስላሳ የጭቃ ድቡልቡል ከዚያው ከፍታ ልቀቁ፤ ጭቃው እዚያው ይለጠፋል። ነጥራ የተመለሰችው ኳስ ካርቶኑን ይበልጥ ታወዛውዛለች። ጭቃው ጥላሸቱ ነው፤ ኳሷ ፎይሉ።

የሚያታልለው ነገር

ግፊቱን በዓይን ለማየት ፎይልና ጥቁር ወረቀት በክር አንጠልጥሎ መብራት ማብራት ለሁሉም ይታያል። ይሞከር፤ ይንቀሳቀሳልም። ግን ያንቀሳቀሰው ብርሃኑ አይደለም፤ ሞቆ ወደ ላይ የሚወጣው አየር ነው። ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ብትከቱትም አየሩ እዚያው አለ።

ዊልያም ክሩክስ እ.ኤ.አ. በ1873 የሠራትን የብርሃን ወፍጮ በቪዲዮ ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ አየሩ አብዛኛው የወጣለት የመስታወት አምፖል ውስጥ አራት ክንፎች አሉ፤ እያንዳንዱ ክንፍ በአንድ ወገን ጥቁር፣ በሌላው ብሩህ ነው። ብርሃን ሲያርፍባት ትሽከረከራለች። ብዙ ቪዲዮ የብርሃን ግፊት ነው ይላል። አቅጣጫዋን ተመልከቱ፦ ወደ ኋላ የሚሸሸው ጥቁሩ ወገን ነው። ግፊቱ ቢሆን ኖሮ አሁን እንዳየነው መሸሽ የነበረበት ብሩሁ ነው። የምትዞረው አምፖሉ ውስጥ የቀረው ጥቂት አየር በሞቀውና ባልሞቀው ፊት መካከል፣ በተለይ በክንፎቹ ጠርዝ በኩል ስለሚንቀሳቀስ ነው። አየሩ ይበልጥ ቢወጣላት ትቆማለች።

እውነተኛውን ግፊት መጀመሪያ የለካው ሩሲያዊው ፒዮትር ሌበዴቭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1900። በረቀቀ ክር የተንጠለጠሉ ስስ ክንፎችን በጣም በተመናመነ አየር ውስጥ አድርጎ፣ የአየሩን ተንኮል አንድ በአንድ እየለየ ነው የለካው። ብዙም ሳይቆይ አሜሪካ ውስጥ ኒኮልስና ሃል በራሳቸው መንገድ አረጋገጡት። ቤት ውስጥ ይህን ለካሁ የሚል ተማሪ ቢመጣ አትቆጡት፤ የክንፉን አቅጣጫ ጠይቁት።

ከንፋሱ ጋር ማወዳደር

ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል ኮረብታው ላይ የቆሙትን የንፋስ ማመንጫዎች የአዳማ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ በሁለቱ ጣቢያዎች 136 ናቸው፤ በድምሩ 204 ሜጋዋት። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ንፋስን እንውሰድ። በከተማችን ከፍታ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 1 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ንፋስ በካሬ ሜትር 500 ዋት ይዞ ያልፋል። ከቀትር ፀሐይ ግማሽ መሆኑ ነው። ግፊቱ ግን 50 ፓስካል ነው፤ ማለትም በካሬ ሜትር 50 ኒውተን። የፀሐይዋ ጥቁር ነገር ላይ 0.0000033 ፓስካል። በግማሽ ኢነርጂ 15 ሚሊዮን እጥፍ ግፊት!

ምክንያቱ ፍጥነት ነው። ለእያንዳንዱ ጁል የሚደርሰው ሞመንተም ተሸካሚው በፈጠነ መጠን ያንሳል። ንፋስ ዝግ ያለ ነው፤ ስለዚህ በትንሽ ኢነርጂ ብዙ ይገፋል። ከብርሃን የሚፈጥን የለም፤ ስለዚህ ጣሪያችንን እያቃጠለ ጣሪያውን አይነቀንቅም። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ በቀትር እስከ 60,000 ዋት ብርሃን ይቀበላል። የሚያርፍበት ግፊት ግን ጣሪያው ከጠቆረ የ70 ጤፍ ያህል፣ አዲስና ብሩህ ከሆነ እስከ 140 ጤፍ የሚጠጋ ክብደት ነው። ተማሪዎች የየቤታቸውን ጣሪያ ለክተው ይህን እንዲያሰሉ አድርጉ።

ያን ታህል ትንሽ ከሆነች ለምን እንለፋባታለን? ነገሩ ሲያንስ ብርሃኑ ስለሚበረታ ነው። የአንድን ድቡልቡል ስፋት ከዳር እስከ ዳር በአሥር ብታሳንሱት ብርሃን የሚያርፍበት ፊቱ በመቶ ያንሳል፤ ክብደቱ ግን በሺህ። ከማይክሮ ሜትር (ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ) ባነሰ ብናኝ ላይ የፀሐይ ብርሃን ከፀሐይ ስበት ጋር መፎካከር ይጀምራል። የጅራታም ኮከብ የብናኝ ጅራት ከፀሐይ ወዲያ የሚዞረው በዚህ ነው፤ ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1619 ጠርጥሮት ነበር። አርተር አሽኪን በሌዘር ጥቃቅን ቅንጣቶችንና ሕያው ባክቴሪያን ይዞ ማንቀሳቀስ የቻለው በዚሁ ሞመንተም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በ96 ዓመቱ ኖቤል ተሸለመበት።

ትልቅም ነገር ቢሆን ንፋስና ሰበቃ የሌለበት ቦታ ካገኘ ይሄዳል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2010 ያመጠቀችው ኢካሮስ የተባለች መንኮራኩር ጎኑ 14 ሜትር የሆነ፣ ከፀጉር የሳሳ ሸራ ዘርግታ ወደ ቬነስ አቅጣጫ ተጓዘች። ሸራው ላይ የተለካው ግፊት 1.1 ሚሊ ኒውተን ገደማ ነው፤ በእኛ ሂሳብ 380 ጤፍ ያህል፣ አንድ ቁንጥር። መንኮራኩሯ ደግሞ ከ300 ኪሎ በላይ ናት። ለመጨረሻው የክፍል ሥራ ይህን ስጧቸው፦ ጉልበቱን በኪሎ ግራሟ አካፍሉ፤ በአንድ ቀን ውስጥ ባሉት 86,400 ሰከንዶች አባዙ። በቀን 0.3 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት ትጨምራለች፤ ኤሊ ያህል። ግፊቱ በዚያው ቢቀጥል በመቶ ቀን 30 ሜትር በሰከንድ ይሆናል፤ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣን መንገዱ የሚመጣ መኪና ያህል።